በታብሌት የሚመራ ጥገና፦ የዲጂታል የሥራ መመሪያ ሶፍትዌሮች ግምገማ

ለፋብሪካ ማሽኖች ጥገና የሚሸጡ የዲጂታል የሥራ መመሪያ ሶፍትዌሮች በማስታወቂያቸው ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ሥራ ላይ ሲውሉ ግን ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። የመጀመሪያው የወረቀቱን ማኑዋል በፒዲኤፍ ገልብጦ ስክሪን ላይ የሚያሳይ ነው። ሁለተኛው ሥራውን ደረጃ በደረጃ ከፋፍሎ፣ በየቦታው ፎቶ፣ መለኪያና ማረጋገጫ እየጠየቀ ጠጋኙን ይዞ የሚሄድ ነው። ሦስተኛው ይህንኑ ራስ ላይ በሚጠለቅ መነጽር የሚያሳይ ነው። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ ለመጀመሪያው ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ ሁለተኛው ዋጋውን ይመልሳል፤ ሦስተኛው ለጥቂት ሥራዎች ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛውም ቢሆን ባዶ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ውስጡን የሚሞላው ገዢው ነው። ስለዚህ የሚመዘነው በስክሪኑ ውበት አይደለም። ጠጋኙን መቆም ባለበት ቦታ ያስቆመዋል ወይ? መቆም በሌለበትስ ዝም ብሎ ይለቀዋል ወይ? ጠጋኙ ስህተት ሲያገኝ መመሪያው ይታረማል ወይ? ከታች ያለው ሁሉ የሚያያዘው ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ጋር ነው።

መመዘኛው ሥራ

አንድ የተለመደ ሥራ እንያዝ፦ የሴንትሪፉጋል ፓምፕ ኩሽኔታ (የሚዞረውን ዘንግ፣ ማለትም ሻፍቱን፣ የሚሸከመው ባለ ኳስ ቀለበት) መቀየር። ኩሽኔታው 6309 ነው እንበል፤ የውስጥ ቀዳዳው 45፣ የውጭ ዲያሜትሩ 100፣ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር። በወረቀት መመሪያ ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ በአምስት መስመር ያልቃል፦ ፓምፑን አቁም፣ ካፕሊንጉን (ፓምፑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን) ፍታ፣ አሮጌውን አውጣ፣ አዲሱን አስገባ፣ አላይመንት (የፓምፑንና የሞተሩን ሻፍት በአንድ መስመር ማስተካከል) ሥራ። ልምድ ያለው መካኒክ ይህ አያስፈልገውም፤ አዲሱ ደግሞ ከዚህ ምንም አያገኝም።

በደንብ የተጻፈ ዲጂታል መመሪያ ማሞቂያው ላይ ሲደርስ «አሙቅ» ብሎ አያልፍም። ኢንዳክሽን ማሞቂያው (በማግኔት መስክ የሚያሞቀው መሣሪያ) 110 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እንዲሞላ፣ የሙቀት መለኪያው የውስጥ ቀለበቱ ላይ እንዲለጠፍ፣ ሙቀቱ ከ125 ዲግሪ እንዳያልፍ ይናገራል። ምክንያቱንም በአንድ መስመር ያክላል፦ ከመጠን ያለፈ ሙቀት የብረቱን ጠባይ ስለሚለውጠው ኩሽኔታው መጠኑን ሊስት ይችላል። ማሞቂያው ሲጨርስ ማግኔቱን ማራገፉም ይጠየቃል፤ ማግኔትነቱ ያልለቀቀው ኩሽኔታ የብረት ብናኝ እየሳበ ራሱን ይበላል። ነበልባል መጠቀም ክልክል መሆኑ ከማሞቂያው ፎቶ በላይ መጻፍ አለበት፤ ከታች ሲሆን የሚነበበው ችቦው ከተለኮሰ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ነው። ኩሽኔታው ሻፍቱ ላይ ከገባ በኋላ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከሻፍቱ ትከሻ (ሻፍቱ ወፍሮ ከሚጀምርበት እርከን) ጋር ተጭኖ መያዝ አለበት። ቀለበቱ ሲቀዘቅዝ በስፋቱም ስለሚኮማተር፣ ካልተያዘ ከትከሻው ፈቀቅ ይላል፤ በዓይን አይታይም፤ ፓምፑ ሲጫን ግን ቦታውን ይለቃል። እዚህ ላይ መመሪያው ጠጋኙን ማስቆም አለበት፦ ከሁሉ ቀጭኑ የፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ቅጠል በቀለበቱና በትከሻው መካከል ዙሪያውን ተሞክሮ የትም መግባት የለበትም። ይህ ሳይመለስ የሚቀጥለው ደረጃ አይከፈትም። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ይህን ማየት የሚችል ማንም የለም።

ግራሶውም እንዲሁ ነው። ኩሽኔታን በየጊዜው ለማጠጣት በሰፊው የሚሠራበት ስሌት 0.005 ሲባዛ በውጭ ዲያሜትር ሲባዛ በስፋት ነው፤ ለ6309 ኩሽኔታ 12.5 ግራም ይመጣል። ጠጋኙ እጅ ላይ ያለው ግን ሚዛን ሳይሆን የግራሶ ፓምፕ ነው። ስለዚህ መመሪያው ግራሙን ወደ ምት ቀይሮ መስጠት አለበት፤ ፓምፑ በአንድ ምት 1.25 ግራም የሚያወጣ ከሆነ 10 ምት ማለት ነው። በምት የሚወጣው ከፓምፕ ፓምፕ ስለሚለያይ፣ የእያንዳንዱ ግራሶ ፓምፕ ምት ተመዝኖ ቁጥሩ በላዩ ላይ ይጻፍ። «በቂ ግራሶ ጨምር» የሚል መስመር ያለበት መመሪያ ኩሽኔታውን ከመጠን በላይ አስሞልቶ ያስግለዋል።

የቁጥር ሳጥኑ

ከወረቀት ጋር ሲነጻጸር ትልቁ ትርፍ እዚህ ነው። ወረቀት ላይ «የሞተሩ እግር ተፈትሿል» ተብሎ ምልክት ይደረጋል፤ ስንት እንደተገኘ ግን ማንም አያውቅም። ዲጂታሉ አራቱንም እግሮች አንድ በአንድ ይጠይቃል፦ ብሎኑ ሲላላ ዳያል ጌጁ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካው ባለ ቀስት መለኪያ) ስንት ተነሣ? ከ0.05 ሚሊ ሜትር ካለፈ ሺም (ከእግሩ ሥር የሚገባ ስስ የብረት ቅጠል) ይገባል። የአላይመንቱ ንባብም ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ ከመስተካከሉ በፊት እና ከተስተካከለ በኋላ። በደቂቃ 3000 ዙር ለሚዞር ፓምፕ የሁለቱ ሻፍቶች መሃል ለመሃል መለያየት ከ0.05 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ማድረግ የተለመደ ገደብ ነው። አሮጌው ኩሽኔታ ለምን እንደተበላ የሚናገረው ከመስተካከሉ በፊት ያለው ንባብ ነው፤ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ የሚጠፋውም እሱ ነው።

ሶፍትዌሮቹ በጣም የሚለያዩበት ነጥብም ይኸው ነው። አንዳንዶቹ ከገደብ ውጪ የሆነ ቁጥር ጨርሶ አይቀበሉም። ጥብቅነት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሰውን ውሸት ማስለመድ ነው። ጠጋኙ 0.08 አንብቦ ሳጥኑ እምቢ ካለው፣ በሌሊት ፈረቃ መስመሩ ቆሞ ሁሉም እሱን ሲጠብቅ 0.05 ጽፎ ያልፋል። ትክክለኛው አሠራር ቁጥሩን እንዳለ መቀበል፣ በቀይ ማሳየት፣ ምክንያት መጠየቅ፣ ከዚያም ውሳኔውን ለፈረቃ ኃላፊው መላክ ነው፦ አሁኑኑ ይስተካከል ወይስ እስከሚቀጥለው የማቆሚያ ጊዜ ይሂድ? ውሳኔውም ከነወሳኙ ይመዘገባል። ሻጩ ሶፍትዌሩን ሲያሳይ ከሁሉ በፊት ከገደብ ውጪ የሆነ ቁጥር አስገብታችሁ እዩ።

የፍላንጅ (ሁለት ቧንቧ የሚጋጠምበት ክብ ከንፈር) ብሎኖችን ማጥበቅ ሌላው ዲጂታሉ የሚያምርበት ሥራ ነው። 8 ብሎን ላለው ፍላንጅ፣ ብሎኖቹ ዙሪያውን በተርታ ተቆጥረው፣ ቅደም ተከተሉ 1፣ 5፣ 3፣ 7፣ 2፣ 6፣ 4፣ 8 ነው፤ መጀመሪያ በመጨረሻው ቶርክ (የማጥበቂያ ጉልበት) 30 በመቶ፣ ቀጥሎ በ70 በመቶ፣ ከዚያ በ100 በመቶ፣ በመጨረሻም በሙሉ ቶርክ ዙሪያውን ብሎን በብሎን። በወረቀት ይህን የሚከታተል ሰው ሁለተኛው ዙር ላይ የት እንደደረሰ ይጠፋዋል። ስክሪኑ ቀጣዩን ብሎን በትልቅ ቁጥር ካሳየ፣ በብሉቱዝ የተያያዘው ቶርክ መፍቻም ንባቡን ራሱ ከላከ፣ መጥፋት የለም።

ሆኖም ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ቁጥሮቹ ፍላንጁ ላይ በቀለም ካልተጻፉ፣ ከወዲያኛው በኩል የቆመ ሰው አዟዟሩን ገልብጦ ስለሚያየው የብሎን 3 ንባብ በብሎን 7 ስም ይመዘገባል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ቅባት። ደረቅ ብሎን ላይ እንዲሠራበት የተሰላ ቶርክ ጥርሱ በተቀባ ብሎን ላይ ሲውል ብሎኑ ከታሰበው በላይ ይወጠራል። ስለዚህ ከቶርክ ቁጥሩ በፊት «ጥርሱና የዳዶው ፊት በምን ተቀብቷል?» የሚል ጥያቄ መኖር አለበት፤ ቁጥሩ መልሱን ተከትሎ ይምጣ። መፍቻው ራሱ በአይኤስኦ 6789 መሠረት በ12 ወር ወይም በ5000 ምት፣ ቀድሞ በደረሰው፣ መመርመር አለበት። ደህና ሶፍትዌር ጊዜው ያለፈበትን መፍቻ በመለያ ቁጥሩ አውቆ አይቀበልም። አሃዱም ይፈተሽ፤ 1 ፓውንድ ፉት 1.356 ኒውተን ሜትር ስለሆነ መፍቻው በአንዱ፣ ስክሪኑ በሌላው ከተሞላ ብሎኑ ወይ ይላላል ወይ ይበጠሳል።

መቆለፍ

ኃይል መቁረጥና መቆለፍ ላይ የሻጮች ቃል ከልክ ያልፋል። ስክሪን ላይ የተደረገ ምልክት ብሬከር አይቆልፍም። መመሪያው የሚረዳው የዚያን ማሽን የኃይል ምንጮች በሙሉ ከነፎቷቸውና ከነመለያ ቁጥራቸው በመዘርዘር ነው፦ ዋናው ብሬከር፣ የመቆጣጠሪያው መስመር፣ የታመቀ አየር ቫልቭ፣ የሃይድሮሊክ አኩሙሌተር (ግፊት ያለው ዘይት የሚያከማች ጋን)፣ በራሱ ክብደት ሊወርድ የሚችል ክንድ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ጓጉንቸር ያደርጋል፤ አንዱ ለሌላው ስክሪን ላይ መፈረም አይቻልም።

የቮልቴጅ ፍተሻው ሦስት ደረጃ ሆኖ ይጻፍ እንጂ በአንድ መስመር አይጠቅለል፦ መለኪያውን ኃይል እንዳለ በታወቀ ቦታ መሞከር፣ የተቆረጠውን መስመር በፌዞቹ መካከልና ከመሬት ጋር መለካት፣ ከዚያ መለኪያውን መልሶ በታወቀው ቦታ መሞከር። የሚዘለለው ሦስተኛው ነው። መለኪያው በመሃል ተበላሽቶ ከሆነ ግን ያሳየው ዜሮ ምንም ማለት አይደለም። ሞተሩ ድራይቭ (ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) ያለው ከሆነ ካፓሲተሮቹ እስኪራገፉ ድራይቩ ላይ የተጻፈውን ያህል ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። እዚህ ላይ የሰዓት ቆጣሪ የሚያስገቡ ሶፍትዌሮች አሉ፤ መልካም ነው፤ ቆጣሪው ስላለቀ ብቻ ግን መክፈት የለበትም። የዲሲ ተርሚናሎቹ ቮልቴጅ ተለክቶ ይጻፍ።

ደረጃውን መጻፍ

ከተጣሉት ዲጂታል መመሪያዎች ብዙዎቹ የተጣሉት በሶፍትዌሩ ድክመት ሳይሆን በአጻጻፉ ነው። አንድ ደረጃ አንድ ድርጊት ይያዝ። ማስጠንቀቂያው ከድርጊቱ በፊት ይምጣ። ፎቶው ጠጋኙ ከሚቆምበት አቅጣጫ ይነሣ፤ አንድ ቀስት ይበቃዋል። ቪዲዮ የሚጠቅመው እጅ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማየት ሲያስፈልግ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ሜካኒካል ሲል (በሻፍቱ ዙሪያ ፍሳሽ የሚከለክለው ዕቃ) ሲገጠም። አጭር ይሁን፤ ድምፁም ማሽን አጠገብ ስለማይሰማ ቁም ነገሩ በጽሑፍ ይታይ። የዕቃው ስም ደግሞ መጋዘኑ በሚጠራው ስም ይሁን፤ መመሪያው በአንድ ስም፣ መጋዘኑ በሌላ ስም ከጠራው ጠጋኙ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል።

የመለዋወጫና የመሣሪያ ዝርዝር ከመቆለፍ በፊት ይምጣ፦ ኩሽኔታ ከነቁጥሩ፣ ጋስኬት፣ ሲል፣ የሺም ስብስብ፣ የግራሶው ዓይነት። ሁሉም በእጅ መኖሩ ሳይረጋገጥ ሥራው አይጀመር። ፓምፑ ተከፍቶ ጋስኬት ከታጣ አሮጌው ተመልሶ ይገባል፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ያንጠባጥባል።

ማረጋገጫና ፎቶ የት ይጠየቅ? መልሱ አንድ ነው፦ በኋላ ሊታይ የማይችለው ላይ። ክዳን ከመዘጋቱ በፊት፣ ሽፋን ከመመለሱ በፊት፣ ዘይት ከመሞላቱ በፊት። በየደረጃው ፎቶ የሚጠይቅ መመሪያ በሳምንት ውስጥ የወለል ፎቶ ይሞላል። ጠጋኞች አውራ ጣታቸውን ሳያነሡ ማለፍ ይለምዳሉ፤ አንዴ ከለመዱ ደግሞ እውነተኛውም ማስጠንቀቂያ አብሮ ይታለፋል። ለነባሩ ሠራተኛ አጭሩ ገጽ፣ ለአዲሱ ዝርዝሩ ቢከፈት ጥሩ ነው፤ የሚለካው ቁጥር ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ማኑዋሉን በሙሉ ወደ ስክሪን ማዛወር አያስፈልግም። በየቀኑ የሚሠራውን ሠራተኛው በቃሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ የሚጻፈው በዓመት አንዴ የሚመጣውና ሲሳሳቱበት ብዙ የሚያስከፍለው ነው። አንዱ ሲሠራ ሌላው ይቅረጽ፤ ከተጻፈ በኋላ ሥራውን ሠርቶ የማያውቅ ሦስተኛ ሰው፣ ብቃት ባለው ሰው እየተጠበቀ፣ በመመሪያው ብቻ ይሞክረው። ቆሞ የጠየቀበት ቦታ ሁሉ ጽሑፉ የጎደለበት ነው።

ታብሌቱና መለያው

ስክሪኑ በወፍራም ጓንት ወይም በዘይት በተነከረ ጣት ካልሠራ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሠራተኞቹ በሚጠቀሙበት ጓንት ተሞክሮ ይገዛ። አይፒ67 ማለት አቧራ አያስገባም፣ 1 ሜትር ውሃ ውስጥም 30 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው፤ በከፍተኛ ግፊት ሙቅ ውሃ መታጠብን ወይም የማጽጃ ኬሚካልን ይችላል ማለት አይደለም። ፈንጂ ጋዝ ወይም አቧራ ሊኖር በሚችልበት ቦታ ለዚያ ዞን የምስክር ወረቀት ያለው መሣሪያ ብቻ ይግባ፤ ጠንካራ ልባስ ተራውን ታብሌት ለዚያ አያበቃውም።

መመሪያውን ለመክፈት ማሽኑ ላይ የሚለጠፈው ኪውአር ኮድ በ1994 እ.ኤ.አ. በጃፓኑ ዴንሶ ዌቭ የተሠራው፣ ለመኪና ክፍሎች መከታተያ ነበር፤ ለቆሻሻ ቦታ የሚስማማውም ለዚህ ነው። አራት የስህተት መቋቋሚያ ደረጃዎች አሉት፤ ከፍተኛው 30 በመቶ ገደማ ቢበላሽም ይነበባል። ለጥገና ቦታ ይኸው ይመረጥ፤ ወረቀት ላይ ሳይሆን ብረት ላይ ይቀረጽ። በሚፈታ ክዳን ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይለጠፍ። ሁለት ተመሳሳይ ፓምፖች አንድ ላይ ታድሰው ክዳኖቻቸው ከተለዋወጡ፣ ከዚያ በኋላ የአንዱ ታሪክ በሌላው ስም ይጻፋል። ቦታው ከማይነቀለው መሠረት ላይ፣ ከመከላከያው አጥር ውጪ ሆኖ በሚነበብበት ነው።

ኔትወርክ ሲጠፋ

የፓምፕ ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ምድር ቤት ናቸው፤ የኮንክሪት ግድግዳ ሲግናል አያሳልፍም። ሶፍትዌሩ ሥራውን ከነፎቶውና ከነቪዲዮው አስቀድሞ ካላወረደ አይገዛ። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሥራውን ጀምሩ፣ ኔትወርኩን አጥፉ፣ ፎቶ አንሡ፣ ቁጥር ሙሉ፣ ታብሌቱን አጥፍታችሁ አብሩ። የተሞላው ሁሉ ከነሰዓቱ መኖር አለበት።

ሥራ በመካሄድ ላይ ሳለ መመሪያው ቢታረምስ? በየደረጃው አዲሱን እያመጣ የሚቀይር ሶፍትዌር ጠጋኙን ግማሹን በአሮጌ፣ ግማሹን በአዲስ ያሠራዋል። የተጀመረው በተጀመረበት እትም ይለቅ፤ ለውጡ የደኅንነት ከሆነ ብቻ ሥራውን አስቁሞ ያሳውቅ። መዝገቡ ላይም የትኛው እትም እንደተሠራበት ይታይ። የታተመ ቅጂ ከተፈቀደ ደግሞ ቀኑ ይኑርበት፤ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ አሮጌ ወረቀት ከስክሪኑ ጋር ይጋጫል።

መነጽሩ

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቶማስ ኮዴልና ዴቪድ ማይዝል የተባሉ የቦይንግ ተመራማሪዎች በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ የአውሮፕላን ሽቦ ገጣጣሚዎችን ራስ ላይ በሚጠለቅ ማሳያ የመምራትን ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሁለት እጅ የሚይዝ ሥራ ላይ፣ ወይም ሩቅ ያለ ባለሙያ የጠጋኙን ዓይን ተከትሎ ሲያማክር፣ መነጽሩ በእውነት ይረዳል። ለዕለት ተዕለት ጥገና ግን ይከብዳል፤ ከሄልሜትና ከደኅንነት መነጽር ጋር ይጣላል፤ የዳር እይታንም ይሸፍናል። ዕድሜውም ያሳስባል፦ ጉግል የድርጅት መነጽሩን ሽያጭ በ2023 እ.ኤ.አ. አቆመ፤ ማይክሮሶፍትም በ2024 እ.ኤ.አ. ሆሎሌንስ 2ን ማምረት አቁሟል። ፓምፑ ከዚህ ሁሉ በላይ ዕድሜ አለው። መመሪያው በአንድ መነጽር ብቻ የሚከፈት ከሆነ መሣሪያው ሲቀር ድካሙም አብሮ ይቀራል።

ከመግዛት በፊት

የማረሚያ ቁልፉን አጥብቃችሁ ሞክሩ። ጠጋኙ ደረጃው ላይ እንዳለ «ይህ ስህተት ነው» ብሎ ፎቶ አያይዞ መላክ አለበት፤ የሚቀበለው ሰው በስም ይታወቅ፤ መልሱም ለላኪው ይድረስ። መልስ ያላገኘ ሰው ዳግመኛ አይልክም፤ ያኔ መመሪያው እዚያው ላይ ማርጀት ይጀምራል። ለዚህ የሚሆን የሥራ ሰዓት የተመደበለት ጸሐፊ የሌለው የጥገና ክፍል ባይገዛ ይሻለዋል።

የየደረጃውን ሰዓት ሶፍትዌሩ ሁሉ ይመዘግባል። ይህን ቁጥር ሠራተኛን ለመገሠጽ ያዋለ ኃላፊ መዝገቡን ራሱ ያበላሸዋል፤ ሁሉም ሥራውን ጨርሶ መጨረሻ ላይ ሃያውን ደረጃ በአንድ ደቂቃ ይነካካል። ሰዓቱ የሚጠቅመው ለጽሑፉ ነው፦ ሁሉም ሰው የሚዘገይበት ደረጃ ፎቶው የማይታይ ወይም መሣሪያው የማይገኝ ደረጃ ነው።

ከማክሲሞ፣ ከሳፕ ወይም በእጅ ካለው ሌላ የጥገና አስተዳደር ሥርዓት ጋር መያያዙንም በዓይን እዩ፤ የሥራ ትዕዛዙ ከዚያ መጥቶ፣ የተለካው ቁጥር ወደዚያው ተመልሶ በማሽኑ ስም መቀመጥ አለበት። ሁለት ቦታ መጻፍ ካለ አንዱ ይተዋል። ውሉ ሲያልቅ የሚወጣው ነገርም በጽሑፍ ይረጋገጥ፦ ደረጃዎቹ፣ ፎቶዎቹ፣ የእትም ታሪኩና የተለኩት ቁጥሮች ሌላ ፕሮግራም ሊከፍተው በሚችል ቅርጽ ይውጡ፤ በምስል የታሰረ ፒዲኤፍ አይበቃም። ይህን ለማየት ውል እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። በሙከራው ሳምንት አንዱን የኩሽኔታ ሥራ ከነሙሉ መዝገቡ አውጡትና፣ ቁጥሮቹ ከነአሃዳቸውና ከነማሽኑ መለያ በሠንጠረዥ መምጣታቸውን ተመልከቱ።